ሚስት ጡረታ ወጣች፤ ባል ገና ይሠራል

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ገንዘብ ነው። በእኛ ዘንድ ስለ ገንዘብ በግልጽ መነጋገር ብዙም የተለመደ አይደለም። ስለ ፖለቲካ ስንከራከር ሌሊቱ ይነጋል፤ ባልና ሚስት ግን ሲያረጁ በምን እንደሚኖሩ ቁጭ ብለው የተነጋገሩበትን ቀን ጥሩ ብትሏቸው ብዙዎቹ ይቸገራሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በታክስ ሰሞን አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት እንግዶች ከሲልቨር ስፕሪንግ ኮሌጅ ፓርክ ድረስ እኔ ቤት መጡ። ስማቸውን አልጠቅስም፤ እኔም የምጠራቸው ጋሼ እና እትዬ እያልኩ ነው። ልጃቸው እዚሁ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሲማር ሒሳብ አስጠናው ስለነበር ቤተሰብ ሆነናል። ጋሼ የታክስ ወረቀቶቻቸውን በላስቲክ ከረጢት ይዘዋል። እኔ መሐንዲስ እንጂ የታክስ ባለሙያ አይደለሁም። ነገር ግን በአገራችን ሰው ዘንድ መሐንዲስ ማለት ቁጥር የማይፈራ ሰው ማለት ስለሆነ፣ ከመንግሥት የመጣ ፖስታ ሁሉ እኔ ጠረጴዛ ላይ ይከፈታል።

እትዬ 67 ዓመታቸው ነው፤ ያውም በወረቀት። በሱዳን በኩል እንደመጡት ብዙዎች የልደት ቀናቸው ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተጻፈ ስለሆነ እውነተኛውን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። 22 ዓመት በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሰው ሲያነሡና ሲያስተኙ ኖረው፣ ወገባቸው እምቢ ሲላቸው ሥራ አቆሙ። ጋሼ 64 ናቸው። የሆቴል አውቶቡስ ይነዳሉ፤ ጤና ከሰጣቸው ሌላ 5 ዓመት የመሥራት ሐሳብ አላቸው። በስማቸው በመሥሪያ ቤታቸው በኩል ፎር ኦ ዋን ኬ አላቸው። እትዬም አንድ ጊዜ ነበራቸው። እናታቸው አዲስ አበባ ታመው ሲተኙ፣ ያን ጊዜ ገና 59 ዓመት ተኩል ስላልሞላቸው ታክሱና የ10 በመቶ ቅጣቱ ተቆርጦ ሁሉንም አውጥተው ላኩት። በዚህ የሚጸጸቱ ሴት አይደሉም። ሆኖም ዛሬ በስማቸው ያለው የሶሻል ሴኩሪቲ ቼካቸው ብቻ ነው።

ጋሼ ወረቀቱን እያገላበጡ፣ «እንግዲህ የእሷ ነገር አብቅቷል። ጡረታ የወጣ ሰው ጡረታ አያዋጣም ብሎናል ታክስ የሚሠራልን ሰው። እኔ እስካለሁ ድረስ ምን ቸገራት?» አሉ።

እትዬ ቡናቸውን አስቀመጡና፣ «አንተ ባትኖርስ?» አሏቸው።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ስለዚህ ጥያቄ ነው። የታክስ ሠራተኛው አባባል ስሕተት ነበርና፤ ያውም የብዙዎቻችን ስሕተት።

ጡረታ ስንል

ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣ ማየት ይጠቅማል። «ጡረታ» የሚለው ቃል የመጣው «መጦር» ከሚለው ነው። ጧሪ ቀባሪ አያሳጣን ብለን የምንመርቀውም ለዚሁ ነው። አንድ ሰው ጡረታ ወጣ ማለት ከእንግዲህ የሚጦር እንጂ የሚያዋጣ አይደለም ማለት ነው። የአገራችን ሕግም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው። ለብዙ ዘመን ጡረታ የመንግሥት ሠራተኛ ነገር ነበር። የግል ድርጅት ሠራተኞችን በሰፊው ያቀፈው አዋጅ ቁጥር 715 የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1268 ተተካ። ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። ገንዘቡ በአንድ ቋት ይገባል፤ ሠራተኛው ለሚስቱ ብሎ ለብቻ የሚከፍተው መዝገብ የለም። ሚስት በዚህ ሥርዓት የምትታየው ባሏ ሲሞት ነው፤ ያን ጊዜ የጡረታው ግማሽ ይቆረጥላታል።

እንግዲህ ይህን በልባችን ይዘን ነው አሜሪካ የገባነው። እዚህም «ጡረታ» ስንል አሠሪና መንግሥት የሚሠሩት፣ በደመወዝ የተጀመረና ከደመወዝ ጋር የሚያልቅ ነገር ይመስለናል። ሶሻል ሴኩሪቲ በእርግጥ ወደዚያ ይቀርባል። ነገር ግን በዚህ አገር ከእሱ ጎን ሌላ ዓይነት ጡረታ አለ። ይህኛው በሰው ስም የሚከፈት፣ የአሠሪ እጅ የሌለበት የግል መዝገብ ነው። አይ አር ኤ የሚሉት እሱ ነው። ሕጉ ለዚህኛው ከሞት በፊት ለትዳር ጓደኛ በር ከፍቷል።

ሕጉ የሚለው

ደንቡ በአጭሩ ይህ ነው። በሕግ የተጋቡ ባልና ሚስት ታክሳቸውን በጋራ እስካሳወቁ ድረስ፣ ከሁለቱ አንዱ የሥራ ገቢ ካለው፣ በዚያው ገቢ ላይ ተመሥርቶ ሥራ ለሌለው ለሌላውም የግል የጡረታ መዝገብ ገንዘብ ማስገባት ይቻላል። የማይሠራው ሰው ጡረታ ወጥቶ ይሁን፣ ልጅ እያሳደገ፣ ወይም ታሞ፣ ሕጉ አይጠይቅም። ዕድሜውንም አይጠይቅም። ባልም ሆነ ሚስት ልዩነት የለውም። ባል ጡረታ ወጥቶ ሚስት ነርስ ሆና የምትሠራበት ቤት በመካከላችን ብዙ ነው፤ ደንቡ ለእነሱም ያው ነው።

የሚገባው ገንዘብ ጣሪያ አለው። ለ2025 የታክስ ዓመት ለአንድ ሰው 7,000 ዶላር ነበር፤ 50 ዓመት ለሞላው 1,000 ተጨምሮ 8,000። ለ2026 ደግሞ 7,500 ሆኗል፤ 50 ለሞላው 1,100 ተጨምሮ 8,600 ይደርሳል። ይህ የእያንዳንዳቸው ነው። ጋሼ ከፈለጉ ለራሳቸው 8,600፣ ለእትዬ ሌላ 8,600 ማስገባት ይችላሉ። የሁለቱ ድምር ግን በዚያ ዓመት ከተገኘው የሥራ ገቢ መብለጥ የለበትም። ለምሳሌ ጋሼ ሥራ ቀንሰው በዓመት 12,000 ዶላር ብቻ ቢያገኙ፣ ለሁለቱም የሚገባው በድምሩ 12,000 ነው።

የአንድ ዓመት መዋጮ እስከ ተከታዩ ዓመት ኤፕሪል 15 ድረስ ሊገባ ይችላል። ታክስ ማሳወቂያውን በኤክስቴንሽን እስከ ኦክቶበር ያራዘመ ሰው የመዋጮው ጊዜም አብሮ የተራዘመለት እየመሰለው ይሳሳታል። አልተራዘመለትም።

እዚህ ላይ «የሥራ ገቢ» የሚለው ቃል ሁሉን ነገር የሚወስን ስለሆነ ጠበቅ አድርገን እንያዘው። ደመወዝ፣ የተመዘገበ ጉርሻ፣ በራስ ሥራ የተገኘ የተጣራ ትርፍ የሥራ ገቢ ናቸው። ተቀጣሪ የሆነ ሰው በደብልዩ ቱ ቅጹ የመጀመሪያው ሣጥን ውስጥ የተጻፈውን ቁጥር ይመልከት። ሶሻል ሴኩሪቲ፣ የጡረታ ክፍያ፣ የባንክ ወለድ፣ የአክሲዮን ትርፍና የቤት ኪራይ ግን የሥራ ገቢ አይደሉም። ሦስት ቤት እያከራየ በወር ብዙ ሺህ ዶላር የሚሰበስብ፣ ነገር ግን ሁለቱም ሥራ ያቆሙ ባልና ሚስት፣ አንዲት ዶላር ማስገባት አይችሉም። በሳምንት ሁለት ቀን መኪና ማቆሚያ ጠባቂ ሆኖ የሚሠራ ባል ግን ለጡረተኛ ሚስቱ ማስገባት ይችላል።

ለታክሲና ለኡበር ነጂዎቻችን አንድ ነገር ልጨምር። የእናንተ የሥራ ገቢ የሚቆጠረው ቤንዚኑ፣ ኢንሹራንሱና የመኪናው ድካም ከተቀነሰ በኋላ የሚቀረው ነው። ታክስ እንዳይበዛ ገቢው ወደ ዜሮ ሲጠጋ ደስ ይለናል። ነገር ግን በዚያው ዓመት ለሚስትም ለራስም የሚከፈተው በር አብሮ ይጠባል፤ የሶሻል ሴኩሪቲ መዝገባችንም እንደዚሁ። በጥሬ ገንዘብ ተከፍሎ ያልተመዘገበ ሥራ ደግሞ ለዚህ ጉዳይ እንዳልተሠራ ነው። ባለ ሱቅና ባለ ምግብ ቤት ሆኖ ድርጅቱን በኩባንያ ስም ያቋቋመ ሰውም ለዚህ የሚቆጠርለት ለራሱ የሚከፍለው ደመወዝ እንጂ የትርፍ ድርሻው አይደለም።

እዚህ የደረሰው በአንድ ቀን አይደለም

የታክስ ሠራተኛውን ሙሉ በሙሉ አልወቅሰውም፤ ሕጉ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። አይ አር ኤ የተፈጠረው በ1974 ፕሬዚዳንት ፎርድ በፈረሙት የጡረታ ሕግ ነው። ያን ጊዜ የማትሠራ ሚስት አልታሰበችም። በ1976 ሕጉ ሲሻሻል ለእሷ የተጨመረው 250 ዶላር ብቻ ነበር፤ በ1981ም ባልየው 2,000 ሲፈቀድለት ለሚስት ያው 250 ቀረ። ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ሥራ እንደ ሥራ አይቆጠርም ነበርና። ይህን ለማስተካከል ከቴክሳሷ ሴናተር ኬይ ቤይሊ ሃቺሰን ጋር ከታገሉት አንዷ የእኛው የሜሪላንዷ ሴናተር ባርባራ ሚኩልስኪ ነበሩ። በ1996 በወጣው ሕግ ከ1997 ጀምሮ የማይሠራው የትዳር ጓደኛ እኩል 2,000 ተፈቀደለት። ሃቺሰን ከሴኔት ከተሰናበቱ በኋላም፣ በ2013፣ መዝገቡ በስማቸው እንዲጠራ ተወሰነ።

አንድ እንቅፋት ግን ቀርቶ ነበር። ትራዲሽናል በሚባለው አይ አር ኤ ላይ 70 ዓመት ተኩል የሞላው ሰው ማዋጣት አይፈቀድለትም ነበር። ይህ ገደብ የተነሣው በ2019 መጨረሻ በወጣው ሕግ፣ ከ2020 የታክስ ዓመት ጀምሮ ነው። «ያረጀ ሰው አያዋጣም» የሚለው ወሬ የዚያ የቀድሞ ሕግ ቅሪት ይመስለኛል። ሕጉ ተለወጠ፤ ወሬው ግን እስካሁን ቡና ቤት ለቡና ቤት ይዞራል።

ትራዲሽናል ወይስ ሮት?

መዝገቡ ሁለት ዓይነት ነው። በትራዲሽናል ዛሬ የገባው ገንዘብ ከታክስ ገቢ ይቀነሳል፤ ሲወጣ ግን ታክስ ይከፈልበታል፤ ዕድሜ 73 ሲደርስም (በ1960ና ከዚያ ወዲህ ለተወለደ 75) በየዓመቱ የግድ መውጣት ያለበት መጠን አለ። በሮት ዛሬ ታክስ የተከፈለበት ገንዘብ ይገባል፤ ደንቡ ተጠብቆ ሲወጣ ግን ከነትርፉ ታክስ የለበትም። ባለቤቱ በሕይወት እስካለ ድረስ አውጣ የሚለውም የለም።

ባል በመሥሪያ ቤቱ ፎር ኦ ዋን ኬ ቢኖረውም፣ ሚስት ራሷ ከሌላት፣ ለ2026 የጋራ ገቢያቸው ከ242,000 ዶላር በታች ከሆነ ለእሷ ትራዲሽናል የገባው ሙሉ በሙሉ ይቀነስላቸዋል። ሮት ሙሉውን ለማስገባትም የዚያው ዓመት መነሻ ጣሪያ 242,000 ነው። አብዛኛው አንባቢ ከዚህ በታች ስለሆነ ምርጫው በእጁ ነው ማለት ነው።

እኔ ለእትዬ ያደላሁት ወደ ሮት ነው፤ ምክንያቶቼም ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ያስገቡትን ዋናውን ገንዘብ በፈለጉ ጊዜ ያለ ታክስና ያለ ቅጣት ማውጣት ይችላሉ። 5 ዓመት መጠበቅ ያለበት ትርፉ ብቻ ነው። አገር ቤት ስልክ ሲደወል ባዶ እጅ መሆን ለማይችል ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛ፣ ከሮት የወጣ ገንዘብ ሶሻል ሴኩሪቲያቸው ታክስ ይነካው እንደሆነ በሚሰላበት ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ሦስተኛው የሜሪላንድ ጉዳይ ነው። ሜሪላንድ 65 ዓመት ለሞላው ሰው ከጡረታ ገቢው ላይ ከክፍለ ግዛቱ ታክስ ነፃ የምታደርገው መጠን አላት። ይህ ግን በአሠሪ በኩል የተገኘን፣ ፎር ኦ ዋን ኬን ጨምሮ፣ እንጂ አይ አር ኤን አይጨምርም። በመሆኑም ከትራዲሽናል አይ አር ኤ የሚወጣ ገንዘብ በዚህ በኩል ጥበቃ የለውም። ፎር ኦ ዋን ኬያችሁን ዘግታችሁ ወደ አይ አር ኤ ለማዛወር የምታስቡ የሜሪላንድ ሰዎችም ይህን ሳታሰሉ እንዳትፈርሙ። ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ያላችሁ፣ የቨርጂኒያው ቅናሽ 65 ዓመት ለሞላው ሰው እስከ 12,000 ዶላር ሆኖ በገቢ መጠን የሚቀንስ እንጂ በመዝገቡ ዓይነት የሚወሰን አይደለም።

ታክሱ ዛሬ ከፍ ያለበት፣ ጡረታ ሲወጣ ግን የሚወርድለት ቤተሰብ ደግሞ ትራዲሽናልን ቢመርጥ አያስደንቀኝም። የሁሉም ቤት ሒሳብ አንድ አይደለም።

ሒሳቡን እንሥራ

ጋሼ፣ «በዚህ ዕድሜ ቢጀመር ምን ይጠቅማል?» ብለው ጠየቁ። ወረቀት አውጥተን ሠራነው። በየዓመቱ 8,600 ዶላር ለ5 ዓመት ቢገባ 43,000 ይሆናል። በዓመት 4 በመቶ ቢያድግ (ይህ የእኔ ግምት እንጂ ማንም የሰጠው ዋስትና አይደለም) በ5ኛው ዓመት መጨረሻ ከ46,500 በላይ ይሆናል። በዚያው ዕድገት ለ20 ዓመት በየወሩ ቢወጣ በወር ወደ 280 ዶላር ነው።

ያን ያህል አቅም ለሌለው በወር 300 ዶላር እናስብ። በ5 ዓመት 18,000 ገብቶ ወደ 19,900 ይጠጋል፤ ለ20 ዓመት ሲከፋፈል በወር ወደ 120 ዶላር ነው። ትንሽ ነው? ለእኔ ትንሽ አይመስለኝም። የመብራቱንና የስልኩን ሒሳብ ልጅን ሳይለምኑ መክፈል የሚያስችል ገንዘብ ነው።

ከዚህ ሒሳብ ጎን ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ሒሳብ አለ። ባልና ሚስት ሁለቱም ሶሻል ሴኩሪቲ ሲያገኙ ቤቱ የሚኖረው በሁለት ቼክ ነው። ከሁለቱ አንዱ ሲሞት የቀረው ሰው ከሁለቱ ትልቁን ይዞ ይቀጥላል፤ ትንሹ ይቆማል። የቤት ኪራዩ ግን አብሮ ግማሽ አይሆንም። የእትዬ «አንተ ባትኖርስ?» የሚለው ጥያቄ ስሜት ብቻ አልነበረም፤ ትክክለኛ ሒሳብ ነው።

ገቢያቸው መጠነኛ ለሆነ ሌላም ማበረታቻ አለ። ለ2026 የታክስ ዓመት የጋራ ገቢያቸው ከ80,500 ዶላር ያልበለጠ ባልና ሚስት፣ ለጡረታ ካስገቡት ላይ እንደ ገቢያቸው 10፣ 20 ወይም 50 በመቶው ከታክሳቸው ይቀነስላቸዋል። የሚሰላው ለእያንዳንዳቸው እስከ 2,000 ዶላር በሚደርስ መዋጮ ላይ ነው። ካለባቸው ታክስ በላይ ግን አይመለስም። ከሁለቱ አንዱ በዚያ ዓመት ወይም ቀደም ባሉት ሁለት ዓመታት ከጡረታ መዝገብ ገንዘብ አውጥቶ ከሆነ ደግሞ ጥቅሙ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከ2027 ጀምሮ ይህ ቀርቶ መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው በቀጥታ ወደ ጡረታ መዝገቡ እስከ 1,000 ዶላር እንዲጨምር በ2022 በወጣው ሕግ ተደንግጓል።

መጠንቀቅ ያለብን

አንደኛ፣ ጣሪያው የሚቆጠረው አንድ ሰው ባሉት አይ አር ኤዎች ሁሉ ላይ በድምር ነው። ሜሪላንድ ከ2022 ጀምሮ፣ ቨርጂኒያም ከ2023 ጀምሮ፣ የራሳቸው የጡረታ ዕቅድ ለሌላቸው አሠሪዎች ሠራተኞች ከደመወዝ እየተቆረጠ ሮት አይ አር ኤ የሚገባበት ሥርዓት አላቸው። በትንንሽ ሱቅና ምግብ ቤት የምትሠሩ ሳታውቁት ተመዝግባችሁ ይሆናል። ያም አብሮ ይደመር። ከጣሪያው ያለፈ ገንዘብ ካልተስተካከለ በየዓመቱ 6 በመቶ ቅጣት አለው።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ገባ ማለት ሥራ ላይ ዋለ ማለት አይደለም። መዝገቡ ሣጥን ነው፤ ሣጥኑ ውስጥ ምን እንደሚቀመጥ የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። ሳይመርጡ ለዓመታት ጥሬ ገንዘብ ሆኖ እንዲቀመጥ የተዉ ወዳጆች አሉኝ። ለ67 ዓመት ሰው ደግሞ ሁሉንም በአክሲዮን ላይ መጫን ሌላው ስሕተት ነው።

ሦስተኛ፣ ወራሽ። በፎር ኦ ዋን ኬ ሕጉ የትዳር ጓደኛን ያስቀድማል፤ ባል ሚስቱ ሳትፈርም ሌላ ሰው ወራሽ ማድረግ አይችልም። በአይ አር ኤ ግን በእኛ አካባቢ የሚሠራው በቅጹ ላይ የተጻፈው ስም ነው፤ ኑዛዜ እንኳ አይሽረውም። በ1990ዎቹ የሞላችሁት ቅጽ ላይ የማን ስም እንዳለ ዛሬ ማታ ፈልጉት።

አራተኛ፣ ለሁሉም ሰው አይበጅም። በክሬዲት ካርድ ዕዳ 25 በመቶ ወለድ እየከፈለ የሚያዋጣ ሰው በቀዳዳ ባልዲ ውኃ እንደሚቀዳ ነው። የባል መሥሪያ ቤት በፎር ኦ ዋን ኬው ላይ የሚጨምርለት ካለ መጀመሪያ እሱን ያሟላ። ኤስ ኤስ አይ የሚቀበል ወይም ለመጠየቅ የሚያስብ ቤተሰብ ደግሞ ሕግ አዋቂ ሳያማክር አይጀምር። ኤስ ኤስ አይ ለባልና ሚስት የሚፈቅደው ንብረት 3,000 ዶላር ብቻ ነው፤ ይህም መዝገብ ይቆጠራል።

በሌላ አገር ላላችሁ

ይህን የምታነቡ ሁሉ ዋሽንግተን አካባቢ እንዳልሆናችሁ አውቃለሁ። እንግሊዝ አገር የምትኖሩ፣ ሥራ ለሌለው የትዳር ጓደኛ የግል ጡረታ በዓመት እስከ 2,880 ፓውንድ ማስገባት ይቻላል፤ መንግሥት ጨምሮበት 3,600 ያደርሰዋል። ይህም 75 ዓመት እስኪሞላ ድረስ ነው። ካናዳ ያላችሁ፣ በራሳችሁ ጣሪያ ውስጥ በትዳር ጓደኛችሁ ስም ማስገባት ትችላላችሁ፤ የሚያበቃው እሱ ወይም እሷ 71 ዓመት በሞላበት ዓመት መጨረሻ ነው። ዝርዝሩ ቢለያይም ሐሳቡ አንድ ነው፤ በቤቱ ውስጥ አንድ ሰው እየሠራ ከሆነ ሌላው በባዶ አይቀር።

በሁለት ጡረታ መካከል

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙ። በሩ የሚዘጋው ሚስት ጡረታ ስትወጣ አይደለም፤ ሁለተኛው ሰው ሥራ ሲያቆም ነው። በመጀመሪያው ጡረታና በሁለተኛው ጡረታ መካከል ያለው ጊዜ ለአንዳንዱ ቤት 2 ዓመት፣ ለሌላው 8 ዓመት ነው። ኤፕሪል 15 ካለፈ ያ ዓመት አይመለስም። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ በሱዳን አቋርጠው አዳምስ ሞርጋን የሰፈሩት ታላላቆቻችን ዛሬ በዚህ ጊዜ ውስጥ ናቸው። ባልና ሚስት እኩል ሠርተው፣ እኩል ልከው፣ የአንዱ ስም ብቻ ወረቀት ላይ የቀረበት ቤት ብዙ ነው።

በተግባር የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ከታወቁት የመዋዕለ ነዋይ ኩባንያዎች በአንዱ በሚስት ስም፣ በእሷው የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር መዝገብ ይከፈታል። ገንዘቡ ከጋራ ባንክ ሊሄድ ይችላል። ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ባለው ጊዜ ስታስገቡ ለየትኛው ዓመት እንደሆነ በግልጽ ምረጡ። የታክስ ጥያቄ ያለበት በቪታ ወይም በታክስ ኤድ በኩል በነፃ የሚሠሩ፣ በአይ አር ኤስ ፈተና ያለፉ በጎ ፈቃደኞችን ይፈልግ። ታክስ የሚሠራላችሁ ሰው «አይቻልም» ቢላችሁ ደግሞ፣ የትኛው ደንብ ነው የሚከለክለው ብላችሁ በትሕትና ጠይቁት።

ጋሼና እትዬ ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ሲነሡ በወር 300 ዶላር ለመጀመር ተስማምተው ነበር። መዝገቡን በሳምንቱ እኔው ኮምፒውተር ላይ ከፈትነው። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ስማቸውን ሦስት ጊዜ አነበቡት።

«ይሄ የእኔ ነው? የሁለታችን ሳይሆን?»

«የእርስዎ ነው» አልኳቸው።

ጋሼ ሳቅ አሉና፣ «እንግዲህ እኔን ስትጦሪኝ አያለሁ» አሏቸው።

ቸር እንሰንብት።